ሐይቁ ዳር የሰማሁት ጸሎት

በፈረንጆች 2008 ቴክሳስ፣ ግሬፕቫይን ከተማ ካለ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ እሠራ ነበር። አብራኝ የምትሠራው ሴት ሃምሳ ያለፋት የዚያው አገር ሰው ናት። መኪና ስላልነበረኝ በየቀኑ እስከምኖርበት ኧርቪንግ ድረስ ራይድ ትሰጠኛለች። አንሶላ ስናጣጥፍ የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረች፤ እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነኝና ጆሮዬ ቶሎ ያዛት። እቤት ዕቃ ሳጥብ ሳይታወቀኝ አፌ ላይ ትመጣለች።

አንድ ቀን «የምን መዝሙር ነው?» አልኳት።

«ጸሎታችን ነው» አለችኝ፣ ምንም ሳትደብቅ። «እኛ ፔጋኖች ነን። ለምድርና ለጨረቃ እንዘምራለን።»

ደነገጥኩ። ራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«ቃሉን ነው ዜማውን የያዝሽው?»

«ዜማውን ብቻ።»

«ሶ፣ ተይው በቃ» ብሎ ወደ ምግቡ ተመለሰ። ለእሱ ቀላል ነበር። እኔ ግን ኳየር ልምምድ ላይ ማይክ በያዝኩ ቁጥር ያቺ ዜማ ታመልጠኛለች ብዬ እፈራ ጀመር።

ከዚያ የሥራ ባልደረባዬ ጡት ላይ እባጭ ተገኘ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው እሁድ ጓደኞቿ እዚያው ግሬፕቫይን ባለው ሐይቅ ዳር ሊዘምሩላት ተቀጣጠሩ። «መዘመር የለብሽም፤ ብቻ አጠገቤ ሁኚ» አለችኝ። ያን ያህል ጊዜ ያመላለሰችኝን ሴት እንዴት እምቢ ልበላት?

ሄድኩ፤ ከመኪናው ግን አልራቅሁም። አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከበቧት፤ አንድ ሽማግሌ ከበሮ ይመታል። «ውሃ ይሄዳል፣ ውሃ ይመለሳል» የምትል አጭር ቃል ደጋግመው ዘመሩ። እሷ መሃል ቆማ ፊቷን ሸፍና ስታለቅስ እግሬ ወደዚያ ወሰደኝ። አጠገባቸው ስደርስ አፌን ግጥም አድርጌ ዘጋሁ። በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ማራት፤ እኔንም ማረኝ» እላለሁ። አንዲት ሴት እጇን ዘረጋችልኝ። ያዝኩት።

በሳምንቱ የኳየር መሪያችን ኮል አደረገልኝ። ለካ ከምእመናኑ አንዱ ልጆቹን ሊያዝናና ሐይቁ ጋ መጥቶ አይቶኛል።

«እህቴ፣ እዚያ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ዘመርሽ?»

«አልዘመርኩም። እጅ ግን ይዣለሁ።»

ከዚያ «ለአንድ ወር አትዘምሪ፤ እንጸልይበት» አለኝ። አልተከራከርኩም። አራት እሁድ፣ ሰው ሁሉ የሚያየኝ እየመሰለኝ፣ ከኋላ ወንበር ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

እባጩ ካንሰር አልነበረም። ሥራ የተመለሰች ቀን «ያን ዕለት በመምጣትሽ ችግር ገጠመሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ኧረ ምንም» አልኳት።

ዋሸኋት። ለዚህ ውሸት ንስሐ መግባት ይገባኝ እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም።