በእሳት የሚዘጋው መስኮት

የላፕቶፑ ማራገቢያ ሲነሳ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር። ሽታው ይዞኝ ቡራዩ ገባ፤ መናኸሪያው አጠገብ ወደነበረችው ጠባብ ኮፒ ቤት።

እዚያ እኔ ጸሐፊ ነበርኩ፣ እሱ ኮምፒውተር ጠጋኝ። ቫይረስ ቢያማርረው ማሽኖቹን ሁሉ ቫይረስ ብዙ ወደማይደፍረው ሲስተም፣ ወደ ሊኑክስ ቀየራቸው። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ዴስክቶፕ እንደ ሳጥን በአራት ጎኑ እንዲዞር ሲታገል ሰነበተ። ድራይቨሩ እምቢ ይላል፣ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠቁራል፣ እሱ እንደገና ይጀምራል። ከኮረብታው የድንጋይ ካባ ድማሚት ሲፈነዳ መስታወታችን ይርገፈገፋል።

“እነሱ ተራራ ይንዳሉ፤ አንተ አንድ ሳጥን ማዞር አቃተህ” እለው ነበር።

“ከዞረ ታገቢኛለሽ?”

“መጀመሪያ ይዙር።”

አንድ ከሰዓት ዞረ። ስክሪኑ ላይ የሚከፈቱት መስኮቶች ሲጎተቱ እንደ ጨርቅ ይወዛወዛሉ፤ ሲዘጉ ደግሞ የሥዕል እሳት ከሥር ተነስቶ ይበላቸዋል። እሳቱን የመረጠው እሱ ነው።

ያን ዕለት ታላቅ ወንድሜ ከካባው መጣ። ድንጋይ ፈላጭ ነበር፤ ፊቱ በነጭ አቧራ ተለብጧል። ስልኩ ከመሰበሩ በፊት የሟች እናታችንን ፎቶ እኛ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ነበር። ሌላ ፎቶ አልነበራትም።

“አለች? እስቲ አሳየኝ።”

ባለቤቴ ከፈተለት። እናቴ ስክሪኑን ሞላች። ወንድሜ ጠጋ ብሎ አያት። ከዚያ ባለቤቴ ፕሪንተሩን ሊያስተካክል መስኮቱን ዘጋው።

እናታችን ከአገጯ ጀምራ ነደደች።

ወንድሜ አልጠየቀም። በርጩማውን አንስቶ የባለቤቴ ግንባር ላይ አሳረፈው። አጥንት ሲመታ ያለው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ወድቆም አልተወውም፤ ረገጠው። “አቃጠልካት! እናቴን አቃጠልካት!” ደሙ ኪቦርዱ ላይ ተረጨ። ጮህኩ። የጎረቤት ባለሱቅ ሐጂ ሮጠው ገቡ።

“ዺሲ! ተወው አንተ፣ ልትገድለው ነው!” ብለው ወንድሜን ከወገቡ ያዙት። በክርኑ ደረታቸውን ቢመታቸው ኮፍያቸው ወደቀ።

የተመታው በጉልበቱ ተነሳ። አንድ ዓይኑን ደም ሸፍኖታል። ማውዙን ዳብሶ አገኘና ፎቶውን ከፈተ። እናቴ አንዳች ሳይነካት ወጣች።

“ጌጥ ነው፣ ጋሼ” አለ። “እሳቱ ጌጥ ነው።”

ወንድሜ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ። እጁን ወደ ስክሪኑ ዘርግቶ በአቧራማ ጣቱ የእናታችንን ጉንጭ እየነካ አለቀሰ። ሐጂ ኮፍያቸውን እያራገፉ፣ “ሌላ ጌጥ ጠፍቶ ነው? ወላሂ፣ ሁለታችሁም እብድ ናችሁ!” አሉ። እኔ የባለቤቴን ግንባር በነጠላዬ አጥብቄ አሰርኩለት።

“ሳጥኑ ዞሯል እኮ” አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ጠባሳው ቅንድቡን ለሁለት ከፍሎት ቀረ። ሲስቅ ይሸበሸብ ነበር። ሊገንዙት ሲሉ የሳምኩት ያንኑ ጠባሳ ነው።

አሁን የእሱ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ነው። እዚህ ላፕቶፕ ላይም እሳቱን ጭኖት ነው የሄደው። ነዶ እንደማያልቅ አውቃለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። ጣቴ መዝጊያው ላይ ደርሶ ይመለሳል። ቻርጀሩን ሰካሁና ክፍቱን ትቼው ወጣሁ።