አፍንጫው የተመለሰለት ሰው
ጅቡቲ፣ ፒኬ 12፣ ከባድ መኪኖች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ፣ አንድ ሸበቶ ሾፌር ሽርጡን ከጉልበቱ በላይ ሸብ አድርጎ የጋቢናውን ብርድ ልብስ ያጥባል። በየመሃሉ ቆም ብሎ ይስላል። ሲጋራ ካቆመ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው።

"ስታጨስ እንዲህ አትስልም ነበር፤ ይልቅ አንድ ለኩስ" አለው የጎን መኪና ሾፌር፣ ፓኮውን ዘርግቶለት።

"ሳንባዬ እየተጠረገ ነው፤ አቧራው ነው የሚያስለኝ" አለና እጁን መልሶ አረፋው ውስጥ ከተተ።

ብርድ ልብሱን አንስቶ አሸተተው፤ ሦስተኛ እጥበቱ ነው። ፊቱን አጨፈገገና ሳሙናውን እንደገና አነሳ።

"ማሽተት የጀመርኩት ገና ትናንት ነው" አለ። "ለካ ሚስቴ አስራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ሽታ አቅፋ ነው የተኛችው። አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም።"