የሙክቱ ግብር

ባለቤቴ መምህር ግርማ ከከተማው ወዳጆቹ ጋር በስልክ ፋንታሲ ይጫወት ነበር። የእውነተኛ ኳስ ተጫዋቾችን መርጠው በምናብ ቡድን ያቋቁሙና ተጫዋቾቹ በእውነተኛው ሜዳ ሲቀናቸው በየሳምንቱ ነጥብ ይለቅማሉ። ጥቅምት ላይ አረፈ። ግንቦት ላይ ጓደኞቹ «በጨዋታው አንደኛ ወጥቷል» ብለው ለሽልማት የተወራረዱበትን ሙክት እየጎተቱ ግቢዬ ገቡ።

ጎረቤቴ ግን አስደነገጠችኝ። «የውርርድ ነገር ግብር አለበት። ሳትከፍይ ብታርጂው ሟች ይከሰሳል!»

ስሙ በክስ እንዲነሳ ስላልፈለግሁ አምቦ ገቢዎች ቢሮ ሄድኩ። ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሠራተኛ የግርማን ስም ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። እኔም አለቀልኝ አልኩ።

«አዴ አልማዝ፣ ይሄ የሚበላ ግብር እንጂ የሚከፈል ግብር አይደለም» አሉኝ።

እፎይ ብዬ ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ቆይ፣ እሱ ካረፈ በኋላ ቡድኑን ማን ነበር የሚመራው?»

«ማንም። ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።»

እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«በየሳምንቱ ተጫዋች ስቀያይር ከርሜ ሁለተኛ የወጣሁት እኔ ነኝ!»