የአማቷ ወረፋ

ምቤቴ በምትባለው መንደራችን ሰው ሁሉ ኖሉታንዶን ሞኝ ናት ይላት ነበር። ባለትዳር ሴት፣ የልጆች እናት፣ ጓሮዋን አረም እየዋጠው፣ ያለ ደመወዝ ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆማ ሰው ስታሰልፍ ትውላለች። ሱቄ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ስለሆነ ፌዙን የምሰማው ከነትኩሱ ነው።

"ማማ ኖሉታንዶ፣ ዛሬስ ምን ከፈሉሽ?" ይላታል ሳሙና ልትገዛ ስትገባ ያገኛት ሁሉ።

"ያንተን ሳል በነፃ አሰሙኝ፤ ምን ጎደለኝ?" ትላለች።

የበጎ ፈቃደኞቹን አረንጓዴ ሰደርያ ያጠለቀችው ግን ለአማቷ ብላ ነው። የባሏ አባት ታታ ዛንዲሲሌ (ታታ እኛ ዘንድ አባባ ማለት ነው) ጉልምስናቸውን ከመሬት በታች ወርቅ ሲቆፍሩ ጨርሰው፣ የድንጋዩን ብናኝ በደረታቸው ይዘው የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው። ሲተነፍሱ አሮጌ ወናፍ ነው የሚመስሉት። ሐኪሙ "እኚህን ሰው ጉንፋን እንዳይነካቸው" ብሎ አስጠንቅቋል። የጉንፋን ክትባት ደግሞ እኛ ዘንድ ብርዱ ሊገባ ሲል በአንዲት ትንሽ ሳጥን ይመጣል። ቀድሞ የሰማ ይወጋል፣ ዘግይቶ የሰማ ያስላል። ባለፈው ዓመት ታታ ዘግይተው ሰሙ፤ ብርዱ እስኪያልፍ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ነበር የሚያነጉት። ኖሉታንዶ ያኔ ነው ቆርጣ የተነሳችው። በሩ ላይ የቆመ ሰው ቀድሞ መስማቱ መቼም አይቀርም።

አልተሳሳተችም፤ ቀድማ ሰማች። ግንቦት ላይ ነርሷ ሲስተር ማጎላ "ነገ ይገባል" ስትላት፣ በማግስቱ ገና ሳይነጋ ታታን ብርድ ልብስ አከናንባ ከመጀመሪያዎቹ ጋር አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ሰው መጣ መጣና ግቢው ሞላ። ሽማግሌው ሁሉ ፀሐይ የምታርፍበትን ግድግዳ ተደግፎ ተደረደረ። አቤት የዚያን ቀን ሳል! የየሰዉ ካርድ ባለቤቱ በመጣበት ተራ ይደረደራል፤ ኖሉታንዶና ፑሜዛ የተባለች ጓደኛዋ እየተቀባበሉ ስም ይጠራሉ።

አሁን ነው ነገሩ። እዚህ አገር አንዲት ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። የአማቷንም አባት ስም አትጠራም፤ የቤተሰቡ መጠሪያ ደግሞ እሱ ነው። ሃያ ዓመት በዚያ ቤት ስትኖር አንድ ቀን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ከፑሜዛ ጋር ተስማምተዋል፤ የታታ ካርድ ሲደርስ የምትጠራው ፑሜዛ ናት።

ካርዱ ሲደርስ ግን ፑሜዛ የለችም። አንዲት አሮጊት ራሷን ስታ ወድቃ እሷን ደግፋ ወደ ውስጥ ገብታለች። ሲስተር ማጎላ በመስኮት "ቀጣይ! ምን ሆናችሁ?" ትላለች።

ኖሉታንዶ ካርዱን አየችው፣ ወደ ውስጥ አየች፣ ከዚያ በጎሳ ስማቸው ተጣራች። እሱ ክብር ነው፤ ነውር የለበትም።

"ምፒንጋ!"

ሁለት ሰው ተነሳ። አንዱ ታታ ዛንዲሲሌ፣ አንዱ ሲጊዲ የሚባል ሽማግሌ። ሲጊዲም ምፒንጋ ነው። ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ካርዱ ከሁሉም ሥር ነው። ደረቱ ደግሞ እንደ በሬ ደረት ነው።

"እኔን መሰለኝ የጠራችው" አሉ ታታ፣ ቀስ ብለው።

"የቱ ምፒንጋ ብላ አልጠራችም" አለ ሲጊዲ። "አንተ ከብት ስትጠብቅ እኔ ተገርዤ ሰው ሆኜ ነበር። ወይስ ረሳኸው?" እኛ ዘንድ ወንድ የሚገረዘው ጎርምሶ ነው፤ ቀድሞ የተገረዘ እንደ ታላቅ ይከበራል።

"አልረሳሁትም።"

"ታታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ካርዱ የሌላ ሰው ነው" አለችው ኖሉታንዶ ሲጊዲን።

"የማን ነው? ስሙን ጥሪያ።"

አንገቷን አስግጋ ፑሜዛን በበሩ ፈለገቻት። ሲጊዲ ሳቀ። "እንግዲያ አንቺ ማኮቲ፣ በአባቶች መሀል ምን ጥልቅ አደረገሽ?" ማኮቲ ማለት ምራት ማለት ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ማኮቲ።

"ተይው ልጄ" አሏት ታታ ራሳቸው። "በመገረዝ ይቀድመኛል። በእሱ ካርድ እገባለሁ።"

ሲጊዲ ገባ። ክንዱን እያሻሸ ወጣ። ታታ ደግሞ ከሥር ያለውን ካርድ እየጠበቁ ቁጭ አሉ። ካርዱ ሳይደርስ ሲስተር ማጎላ ባዶውን ሳጥን ይዛ ብቅ አለች።

"አልቋል። ማክሰኞ ይመጣል።"

"የየትኛው ዓመት ማክሰኞ?" አለ አንዱ፤ ግድግዳው ሥር ያለው ሁሉ እያሳለ ሳቀ።

ፑሜዛ ሱቄ በር ላይ ነው ያፈጠጠችባት። "ምናለ ስማቸውን ጠርተሽ ብትገላገይ? ሰማይ አይደፋ።"

"ሰማዩስ አይደፋም" አለች ኖሉታንዶ። "እኔ ግን ማታ የማን ቤት እገባለሁ?"

ማክሰኞ መጣ፣ ክትባት አልመጣም። ሌላም ማክሰኞ መጣ። ሰኔን ታታ ከምድጃው ሳይርቁ ገፉት። ሐምሌ ሲገባ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ንፍጧን እያዝረከረከች መጣች፤ እሷ በሁለት ቀን ድና ኳስ ስትጫወት እሳቸው ተኙ። አልተነሱም። ለቀብራቸው በሬ ታረደ። ሲጊዲ ከሽማግሌዎቹ ወገን ተቀምጦ፣ አጥንት እየጋጠ፣ ሟቹ ምን ያህል ታላቅ አክባሪ እንደነበሩ ሲያወራ ዋለ። ሥጋውን ያቀረበችለት ኖሉታንዶ ናት።

ክትባቱ የመጣው ብርዱ ወጥቶ የኮክ ዛፉ ሲያብብ ነው፤ ለዚያውም ሦስት ሳጥን ሙሉ። ሰው ግን አልመጣም፤ ሞቆት ከብቱንና ማሳውን ይዟል። ሲስተር ማጎላ "ቀኑ ሊያልፍበት ነው፣ ያገኛችሁትን ሁሉ አምጡልኝ" ብላ ኖሉታንዶን መንገድ ላይ አወጣቻት። በሐዘን ልብሷ ላይ ሰደርያውን ደርባ አላፊ አግዳሚውን ስትለምን ዋለች። እኔንም ከመደርደሪያዬ ጎትታ ወሰደችኝ።

እኔ ከተወጋሁ በኋላ ክፍሉ ባዶ ሆነ። ሲስተር ማጎላ መርፌውን ይዛ "አንቺም እጅሽን አምጪ፤ አለዚያ መጣሉ ነው" አለቻት።

ኖሉታንዶ ጥቁር እጅጌዋን ሰበሰበች። ወጋቻት። ጥጡን ይዛ ክንዷን ተመለከተች።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ይቺን ታህል?"

ሲስተር ማጎላ ባዶውን መርፌ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጣለች። ኖሉታንዶ እጅጌዋን አወረደችና ወደ መንገዱ ተመልሳ ወጣች፤ ገና ሁለት ሳጥን ይቀራል።