በሙሉ ድምፅ የጸደቀው ድልድይ

ባለፈው ሰሞን አዲሱ ገበያ ካለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገብቼ ደብተር ስመርጥ፣ ባለሱቁ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረደ። ውስጡ ካርቦን ወረቀት ነበር። «ይሄን ዛሬ ማን ይገዛዋል?» ብሎ ሳቀ። አንዱን ቅጠል ሳብ አድርጌ አሸተትኩት። ሰምና ላምባ የተቀላቀሉበት የሚመስለው ያ ሽታ የት እንደወሰደኝ ልንገራችሁ።

ቀጨኔ፣ የቀበሌያችን አዳራሽ፣ በደርግ ጊዜ። ስብሰባው ሁልጊዜ እሑድ ረፋድ ላይ ነበር። ፀሐይ ስትበረታ የጣሪያው ቆርቆሮ ጧ ጧ ይላል፤ በምስማር ቀዳዳዎቹ የሚገባው ብርሃን በሰዉ ነጠላ ላይ ነጠብጣብ ይጥላል። እኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ፊደል የቆጠርኩት እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እኩዮቼ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ እኔ ገና «ሀ» ማለቴ ነበር። ጽሕፈቴ ቁልጭ ያለ ስለሆነ ቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረገኝ። ዘግይቼ በመማሬ ይሁን አላውቅም፣ አንድ ቃል ማስቀረት ስርቆት ይመስለኝ ነበር። ሊቀመንበሩ «ይቺ ልጅ ሳሌን ሳይቀር ትጽፈዋለች» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ከእኔ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የተማሩ ሸክላ ሠሪ ጎረቤት ነበሩኝ፤ እማማ ነው የምላቸው። ስማቸውን መጻፍ ከቻሉ ወዲህ በሚሠሩት ድስት ሁሉ ቂጥ ላይ በእሾህ ይጭሩት ጀመር። ቤታቸውም፣ ሸክላ የሚያሰጡበትና በእሳት የሚተኩሱበት ግቢም ወንዙ ዳር ነበር። ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም።

በዚያ ወንዝ ላይ ድልድይ እንዲሠራ ተወሰነ። ሲሚንቶውን ከቀበሌያችን በላይ ያለው አስተዳደር፣ ከፍተኛው፣ ሰጠ፣ ድንጋዩን እኛ ልንሸከም፣ ሥራውን ደግሞ አንድ ግንበኛ በውል ሊይዝ። ግንበኛው ቦታውን አይቶ መጣና ከመድረኩ ሥር ቆሞ አስረዳ። «ድልድይ ማለት እንደ ዝላይ ነው፣ ጓዶች። የጠበበውን መርጠህ ነው የምትዘለው። ከሸክላ ሠሪዋ ግቢ አጠገብ ነው የሚጠበው።»

እማማ ተነሡ። «እዚያስ አይሆንም። እዚያ የሚጠበው በበጋ ነው። ሐምሌ ሲገባ እኔ ድስቶቼን አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ነው የምስበው። ውሃው መሄጃ ካጣ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።»

«እማማ፣ እርስዎ ጭቃውን ይያዙ፤ ድንጋዩን ለእኔ ይተዉልኝ» አላቸው ግንበኛው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ሳቁ፣ ሳቁ! የእናንተን ጥርስ ውሃ አይወስደውም። የእኔን ቤት ግን ይወስደዋል።»

ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን ያላነሡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የተናገሩትን ቃል በቃል ጻፍኩ።

ሰዉ ሲበተን ሊቀመንበሩ ረቂቁን አነበበና ጣቱን አሳረፈበት። «ይሄን አውጪው። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ በይ።»

«ተቃውመዋል እኮ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእሳቸው ብዬ ነው። ተቃወሙ የሚል ወረቀት ከፍተኛ ሲደርስ ማን እንዴት እንደሚያነበው ታውቂያለሽ?»

አውቅ ነበር። ያኔ ያ ቃል ሰው ያስወስድ ነበር። ይሁን እንጂ ሊቀመንበሩ ለእማማ ይሁን ለድልድዩ ያሰበው ዛሬም ድረስ አልለየሁትም። እኔስ ለማን ነበር ያሰብኩት? ካርቦኑን በወረቀቶቹ መካከል አስገብቼ፣ አስተካክዬ፣ በሦስት ቅጂ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ።

በሚቀጥለው እሑድ እንደ ደንቡ አነበብኩት፤ ሰዉም እየተሰለፈ ይፈርም ጀመር። እማማ ተራቸው ሲደርስ ጎንበስ ብለው «የእኔ የት ሄደ?» አሉኝ።

«ለእርስዎ ብዬ ነው፣ እማማ» አልኳቸው በሹክሹክታ።

ብዕሩን ስሰጣቸው መለሱልኝ። «መጻፉንስ አውቅበታለሁ። ቃሌ ከሌለበት ስሜ ምን ሊሠራ ይገባል?» አሉና አውራ ጣታቸውን የማኅተሙ ቀለም ውስጥ ነክረው ወረቀቱ ላይ ተጫኑት።

ድልድዩ ክረምት ሳይገባ አለቀ፤ ተዘፈነለት። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሁለት ቀን ሳያባራ ሲወርድ፣ ጎርፉ በጠባቡ ቅስት ሥር አላልፍ ብሎ ወደ ግቢያቸው ዞረ። ለመተኮስ የተዘጋጀው ሸክላ ሁሉ ተመልሶ ጭቃ ሆነ፤ የቤታቸውም የወንዝ በኩል ግድግዳ ሄደ። ድልድዩ ምንም አልሆነም። ዛሬም አለ፤ ስሻገርበት ሠራተኛው ጎበዝ እንደነበር አልክድም።

ምትክ ቦታ እንዲሰጣቸው ማመልከቻውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ በስብሰባ መሐል ቃለ ጉባኤውን አስወጣ። «ቦታው የተመረጠው በሙሉ ድምፅ ነው። አመልካቿም አጽድቀዋል፤ አሻራቸው ይኸው።»

ከጠረጴዛዬ ተነሣሁ። በዚያ አዳራሽ ለመናገር ስነሣ የመጀመሪያዬ ነበር። «ተናግረዋል። ውሃው ወደ እኔ ይመጣል ብለዋል። እኔ ራሴ ሰምቻለሁ።»

ቀና ብሎም አላየኝ። «ጓዲት፣ አፍሽን ልመን እጅሽን?»

ሰዉ ሳቀ። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ተቀምጬ ያንን ሁሉ፣ ያኔ ያስቀረሁትን የእማማን ቃልም፣ ሳቁንም ጭምር፣ መዝገቡ ላይ አሰፈርኩት። በማግስቱ መዝገቡን ተቀበሉኝ።

እማማ ሸጎሌ ወዳለችው እህታቸው ለመግባት ቆረጡ። የሄዱ ቀን ጠዋት ዕቃቸውን ተሸክሜ እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው። ጥቅሎቹ ላይ ተቀምጠን መኪና ስንጠብቅ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ኋላስ ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት፣ እማማ። ያሉትን ሁሉ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

መዝገቡ እጄ ላይ እንደሌለ ያውቃሉ። በቃሌ አልኩላቸው፤ ከ«እዚያስ አይሆንም» ጀምሬ እስከ መጨረሻው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ የሌላ ሰው ነገር እንደሚሰማ ሰው አዳመጡኝ።

«ድገሚልኝ» አሉ።

ሁለተኛውን ሳልጨርስ መኪናው መጣ።