አንድ ጠርሙስ ሮዝ ወይን ወደ ኡኬ

ከአዲስ አበባ

አባቴ ወደ ወለጋ የላከኝ አንድ ጠርሙስ ርካሽ ሮዝ ወይን አስይዞ ነው። ከሰፈራችን ሱቅ በስድስት መቶ ብር ገዛሁት። ባለሱቁ እንኳ አዝኖልኝ «ለሰው የምትወስጂው ከሆነ ሌላ ደህና አለኮ» ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ ከረሜላ የሟሟበት ውሃ ነው የሚመስለው። አባቴ ግን ሌላ አልሰማም።

እኔ ከመወለዴ በፊት ነቀምቴ አስተማሪ ነበር። ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሰው ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ሦስት ዓመት ኖሯል። ማታ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ከዚህ ሮዝ ወይን አንዳንድ ብርጭቆ ይጠጡ እንደነበር ሲያወራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ከዚያ ተጠፋፉ። አሁን ሐኪም መጠጥ ከልክሎታል፤ ልቡም እንደ ድሮው አይደለም፤ መንገዱን አይችለውም።

«ፈልገሽ አግኚውና ከእሱ ጋር አንድ ብርጭቆ ጠጪልኝ» አለኝ። «ያለውን ሁሉ ሳትቀንሺ ንገሪኝ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁ።

መንገድ

ከአስኮ መናኸሪያ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ወጣን። ጠርሙሱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌዋለሁ። አምቦ ቁርስ በላን። ከጌዶ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ መጣ፤ ባኮ ላይ የማንጎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። አምስት ማንጎ በመቶ ብር ገዝቼ አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት ሁለቱን ሰጠኋት። አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ነጠላዬን ገለጥ አድርጎ ጠርሙሱን አየና «ሠርግ አለ?» አለኝ። «ሽማግሌ ልጠይቅ ነው» ስለው «ለሽማግሌ ይህን?» ብሎ ሳቀብኝ።

ከሲሬ በኋላ አረንጓዴው ዓይኔን አጠገበው። ኮረብታው ከኮረብታ ላይ፣ ደመናው ዝቅ ብሎ ዛፎቹን ይነካል። አባቴ ሲያወራ ያጋንናል እል ነበር፤ ቀንሶ ነበር የነገረኝ።

ነቀምቴ

ምሳዬን አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር በላሁ፤ ተቀቅሎ፣ ቂቤ ጠጥቶ፣ ከዳጣ ጋር። አባቴ በሰጠኝ አድራሻ መሠረት ባጃጅ ይዤ በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር ገባሁ። አባቴ የሣለልኝ ባለበረንዳ ቤት የለም፤ በቦታው ባለ ሁለት ፎቅ ቆሟል። ጎረቤት ያለች ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን አቁማ አነጋገረችኝ።

«ኦቦ ገመቹ? የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው? ቤቱን ሸጠው ኡኬ ገቡ፤ እርሻ ላይ ናቸው። ምን ይዘሽላቸው ነው?»

ነጠላውን ገለጥኩ። አፏን በእጇ ያዘች።

«ዋቅ፣ አምላኬ! እህቴ፣ እኚህ ሰውዬ በሕይወታቸው መጠጥ ቀምሰው አያውቁም። ሠርግ ላይ እንኳ ጠላ ባለበት ጠረጴዛ አይቀመጡም!»

ሦስት ዓመት አብረው ጠጥተዋል ልላት ፈልጌ ተውኩት። ሆቴሌ ገብቼ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አፈጠጥኩበት። ወይ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሚወደውን ታሪክ ፈጥሮታል፣ ወይም ሰውየው ሲያታልለው ኖሯል። የትኛውን ይዤለት እንደምመለስ ጨነቀኝ።

ኡኬ

ጠዋት በሚኒባስ ወጣሁ። ኡኬ ከመንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ከሱቆቹ ጀርባ ወዲያው በቆሎ ይጀምራል። የኦቦ ገመቹን ቤት ለማግኘት አንድ ሰው መጠየቅ በቃኝ።

ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። የአባቴን ስም ስነግራቸው ከዘራቸውን ጥለው በሁለት እጃቸው ፊቴን ያዙት።

«የበርሲሳ ልጅ! በጋ ነጋን ዱፍቴ፣ ኢንተላ ኮ! አለ? በሕይወት አለ?»

እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «በርሲሳ» ደግሞ አስተማሪ ነው፤ ስሙን አንድም ጊዜ ሳይጠሩት «በርሲሳ» እንዳሉ ቀሩ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አቀረቡልኝ። ለእኔ ግን እግሬ ሥር ያለው ጠርሙስ ጠረጴዛ የሚያህል መሰለኝ። በመጨረሻ አውጥቼ አስቀመጥኩትና አባቴ ያለውን እንዳለ ተናገርኩ።

ኦቦ ገመቹ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«ቀለሙ አልተለወጠም» አሉ። «ኢንተላ ኮ፣ እኔ ይህን ነገር ቀምሼው አላውቅም።»

«ታዲያ ብርጭቆው?»

«ከርከዴ ነዋ! ቀዩን አበባ አቅጥነን አፍልተን፣ ስኳር ጨምረን፣ አቀዝቅዘን። ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጪው አትለዪውም።»

ከዚያ የማላውቀውን አባቴን ነገሩኝ። በመጣ በመጀመሪያው ዓመት እናቱ ሞቱ፤ መርዶው ዘግይቶ ደረሰው፣ ቀብር አልደረሰም። አረቄ ቤት ማምሸት ጀመረ። አንድ ማለዳ ኦቦ ገመቹ ከቦይ ውስጥ አንስተው በጀርባቸው አመጡት። እኔ የማውቀው አባቴ ከአንድ ብርጭቆ በላይ የማይጠጣ ሰው ነው፤ እንባዬ መጣ።

«አትጠጣ ብለው አይሰማኝም» አሉ። «ስለዚህ ቀለል ያለውን ወይን ገዝተህ እቤት ጠጣ፣ እኔም አብሬህ እጠጣለሁ አልኩት። ብቻውን እንዳይሆን ነው። የእኔ ብርጭቆ ግን ከጓዳ ከርከዴ ተሞልቶ ይመጣል፤ እሱ ወይን ይመስለዋል።»

አዴ ጫልቱ ከጓዳ ሆነው «ስድስት ወሩንስ አትነግራትም?» አሉ።

«ተዪው እሱን።»

አዴ ጫልቱ አልተዉትም። ወጥተው ቆመው ነገሩኝ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብርጭቆውን በረንዳው ላይ አይተው ገመቹ ጠጪ ሆኗል አሉ። ያን ጊዜ ኦቦ ገመቹ የመዘምራኑ መሪ ነበሩ። ለስድስት ወር ከአገልግሎት ታገዱ፤ እሑድ እሑድ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የሌላውን መዝሙር ሰሙ። ከርከዴ ነው ብለው አንድ ቃል ቢናገሩ ያበቃ ነበር።

«ለምን አልተናገሩም?»

«ከተማዋ ትንሽ ነበረች» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ለአንዱ ከርከዴ ነው ብል አባትሽ ይሰማል። ከሰማ ያፍራል። ካፈረ አረቄ ቤት ይመለሳል።» ከዚያ ጣታቸውን አነሱብኝ። «የከርከዴውን ንገሪው፣ ግድ የለም። ይህንን ግን አትንገሪው።»

ብዙ ቦታ ዞሬያለሁ፣ ብዙ ትልቅ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ሰው ፊት ቁጭ ብዬ ያነስኩበት ጊዜ የለም።

አዴ ጫልቱ ሁለት ብርጭቆ አመጡ። ወይኑን ለራሴ እንድቀዳ ሰጡኝ፣ ለኦቦ ገመቹ ከጓሯቸው የተለቀመውን ከርከዴ ቀዱላቸው፤ ዘሩ ከአንገር ጉቲን የመጣ ነው። እውነትም ቀለሙ አንድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወይኔን ጠጣሁ። ያ ያፈርኩበት ወይን ጣፈጠኝ።

ቤት

ተከፍቶ የተከደነውን ጠርሙስ፣ አንድ ከረጢት የደረቀ ከርከዴና የኦቦ ገመቹን ስልክ ቁጥር ይዤ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ሁለት ቃል ተጣሉብኝ፤ አንዱ ለአባቴ የገባሁት፣ ሌላው ኦቦ ገመቹ የጠየቁኝ፣ እኔ ግን ያልገባሁት።

ቤት እንደደረስኩ ከርከዴውን አፈላሁ፣ አቀዘቀዝኩ፤ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት በብርጭቆ አቀረብኩለት። አንዴ ጎንጨት አለና ዓይኑን ጨፈነ።

«የገመቹ ነው» አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«በሁለተኛው ወር አውቄአለሁ። ለእራት ጸሎት ዓይኑን ሲጨፍን የእሱን ብርጭቆ ተሳስቼ ጠጣሁ። ዝም ብዬ መለስኩለት።» ደግሞ ጎንጨት አለ። «ማወቄን ካወቀ ይተወዋል ብዬ ፈራሁ፤ ከተወው ደግሞ ራሴን አላምነውም ነበር። ወይኑን የላክሁት እሱ ራሱ እንዲነግርሽ ነው። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ አፍሬ ማመስገን ያቃተኝ ሰው ነው።»

ያን ጊዜ ወሰንኩ። ማመስገን ለሚፈልግ ሰው የሚያመሰግንበትን ግማሹን መደበቅ አልቻልኩም። ስድስት ወሩን፣ የኋላውን ወንበር፣ ሁሉንም ነገርኩት።

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ፊቱን እንኳ አልሸፈነም። ከዚያ «ደውዪልኝ» አለ።

ደውዬ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ሰጠሁት።

«ገመቹ።»

«በርሲሳ!»

አባቴ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ስድስት ወር» አለ።

«አይ ይቺ ልጅ!» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ተወው። ምን እየጠጣህ ነው?»

«የአንተን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አንዱ ለአንዱ ይደውላል። ኡኬ ላይ አንድ ብርጭቆ፣ እኛ ቤት አንድ ብርጭቆ። ጉዞው ያስተማረኝ ሰውን ከወደቀበት ለማንሳት ምክር የማያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ ነው፤ አጠገቡ መቀመጥ ይበቃል፣ ስምን ቢያስከፍልም። የተረፈውን ሮዝ ወይን እኔ ጨረስኩት። አሁን ከባለሱቁ ሌላ ስገዛ ደህናውን እንዳያሳየኝ ነግሬዋለሁ።