የፓክ ካርሶኖ እጆች

ዊጋቲን የማውቃት ዮግያካርታ ከተማ ውስጥ፣ በዕፅዋት ቫይረስ ቤተ ሙከራችን ጎን ለጎን ስንሠራ ነው። የትምባሆ ገበሬ ልጅ ናት፤ የምታጠናውም የትምባሆ ቅጠል የሚያዥጎረጉረውን ቫይረስ ነው። የዚህ ቫይረስ ፕሮቲን፣ ቅጠሉ ውስጥ ከሚተራመሰው የዘር ክር (አር ኤን ኤ) ሁሉ የራሱን ብቻ ለይቶ ይጠቀልልና ቀጭን በትር ይሆናል። የሚለየው አር ኤን ኤው ላይ ባለች አንዲት እጥፋት ነው ይባላል። ዊጋቲ ያቺን እጥፋት አበላሽታ ቫይረሱን ችግኞች ላይ ቀባችው። ፕሮቲኑ ካላወቀው በትር አይኖርም። ዶክትሬቷ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነበር።

መሀል ላይ የእርግዝና ሕመም አልጋ ላይ ጣላት። አባቷ፣ በአክብሮት ፓክ የምንላቸው ካርሶኖ፣ ከመንደር ወርደው፣ "ችግኝ ማጠጣት ለእኔ ነው የምትነግሩኝ?" ብለው ሥራውን ተረከቡ። ውሃ ያጠጣሉ፣ የደረቀውን ቅጠል በጣታቸው ይቀነጥሳሉ። እንደ መንደራቸው ሰው ሁሉ ትምባሆአቸውን በእጃቸው ጠቅልለው በር ላይ ያጨሱና ይገባሉ። ሁላችንም ያንኑ እያየን ያደግን ስለሆንን ማንም ልብ አላለውም።

ዊጋቲ ስትመለስ ማይክሮስኮፑ በበትር ተሞልቶ አገኘችው። "ሌላ ማወቂያ ቦታ አለው ማለት ነው!" ብላ ተጠመጠመችብኝ። ፓክ ካርሶኖ መንደር ገብተው ቢጫ ሩዝ እንደ ተራራ አስቆልለው ጎረቤቱን አበሉ። "የልጄ ግኝት ላይ የእኔም ላብ አለበት" ይሉ ነበር አሉ።

በትሮቹ ውስጥ ያለው አር ኤን ኤ ሲነበብ ግን የዊጋቲ አልነበረም። እጥፋቱ ያልተበላሸ፣ ያው የተፈጥሮው የትምባሆ ቫይረስ ነበር። በር ላይ የወደቀ የትምባሆ ቁራጭ አንስተን ብንመረምር ያው ቫይረስ ተገኘ፤ ከፓክ ካርሶኖ ጣት ወደ ችግኞቹ ተሻግሮ ነበር። ፕሮቲኑ አልተሳሳተም፤ የራሱን ነው የጠቀለለው።

ዊጋቲ አልቅሳ አልቅሳ ፊቷን ታጠበችና፣ "አባቴ እንዳይሰማ፣ አደራችሁን" አለችን።

የሥራ ባልደረባችን ዳናንግ ግን አፉ አያርፍም። ፓክ ካርሶኖ ለልጃቸው የተጠበሰ ቴምፔ፣ የአኩሪ አተር ቂጣ፣ ይዘው በመጡ ቀን፣ "ኧረ ፓክ! ዶክተሩስ እርስዎ ነዎት! ትምባሆዎ የዊጋቲን ቫይረስ አባርሮ ቤቱን ወረሰው እኮ!" አላቸው እየተንከተከተ። ምላሱን ብቆርጥለት ደስ ባለኝ። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

ሽማግሌው መጀመሪያ አብረውት ሳቁ። ከዚያ ወደ ዊጋቲ ዞሩ።

"ምን ማለቱ ነው፣ ንዱክ ልጄ?"

መዋሸት አትችልበትም። "ምንም አይደል አባዬ፣ እንደገና እሠራዋለሁ" አለች።

ጣቶቻቸውን አዩ። ቴምፔውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ሥራው እንደገና ተሠራ፤ በትር አልተገኘም፤ ዊጋቲም ተመረቀች። ሴት ልጅ ስትወልድ ልጠይቃት ብሄድ ፓክ ካርሶኖ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ማጨስ ከተዉ ሰንብተዋል። እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል።

"አባዬ፣ ይቀፏት እንጂ!"

"ተዪ ንዱክ፣ እጄ ንጹሕ አይደለም።"

"ቫይረሱ ሰው አይነካም ብዬ ስንቴ ልንገርዎት!"

"አውቃለሁ፣ ነግረሽኛል" አሉ። እጃቸውን ግን አላወጡም።

ዊጋቲ እያለቀሰች ሕፃኗን አስጠጋችላቸው። ጎንበስ ብለው፣ እጆቻቸው ከኋላ እንደተቆላለፉ፣ ግንባሯን ሳሟት።

ሕፃኗ መዳህ ሳትጀምር ፓክ ካርሶኖ ሞቱ። አንድ ቀን እንኳ አላቀፏትም።